የሐኪሙ የአርማወር ሐንሰን ታሪክና የለምጽ ነገር

በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ ዘነበወርቅ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። ልዕልቲቱ ገና በወጣትነታቸው በ1930ዎቹ ዐረፉ፤ በእነዚያው ዓመታት ሚስዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ያሠሩት ሆስፒታልም በስማቸው ተጠራ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ግን በዚያ ግቢ ሌላ ስምም ተጽፎ ይገኛል። ይህ ስም ለአፋችን እንግዳ ነው፤ ሰውየውም እግሩ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ የሞተ ነው። አርማወር ሐንሰን ይባላል።

የዚህን ሰው ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ልጅቱ የዚያው ሰፈር ልጅ ናት። አያቷ በልጅነታቸው በሥጋ ደዌ ታመው፥ ከሩቅ አገር መጥተው፥ በሆስፒታሉ ታክመው ድነዋል፤ ጣቶቻቸው ግን መድኃኒቱ ሳይደርስ ስለ ተጐዱ እንደዚያው ቀርተዋል። አንድ ቀን በንባብ ሰዓት የነቢዩን የኤልሳዕን ታሪክ ስናነብ፥ የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ እንደ ነጻ፥ የነቢዩ ሎሌ ግያዝ ግን ስለ ስስቱ ያው ለምጽ በእርሱና በዘሩ ላይ ለዘላለም እንዲጣበቅ እንደ ተፈረደበት ከሚናገረው ደረስን። ትምህርቱ አልቆ ልጆቹ ሲወጡ ልጅቱ ወደ ኋላ ቀርታ፥ አያቷ ከግያዝ ዘር እንደ ሆኑና እርስዋም ከዚያ ዘር ተቈጥራ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። እኔ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደግሁ፥ በኋላም በሚስዮን ትምህርት ቤት የዘመኑን ዕውቀት የቀሰምሁ ሰው ስሆን፥ በዚያች ሰዓት የምመልሰው ቃል አጣሁ። እንግዲህ ይህ ታሪክ ለእርስዋ ዘግይቶ የደረሰ መልስ ነው።

ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1841 ሐምሌ 29 ቀን በርገን በምትባል የኖርዌይ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። ኖርዌይ በአውሮፓ ሰሜን የምትገኝ፥ ብርዷ የጸና፥ ተራራና ባሕር የተቃቀፉባት አገር ናት፤ በርገንም በዝናቧ ብዛት የታወቀች ናት። አባቱ ነጋዴ ነበረ፤ ንግዱ ግን ከሰረ፤ በቤቱም 15 ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ሐንሰን ክርስቲያንያ በምትባለው ዋና ከተማ (ዛሬ ኦስሎ የምትባለው ናት) ሕክምና ሲማር፥ ሌሎችን እያስተማረ በሚያገኘው ገንዘብ ራሱን ይረዳ ነበር። በ1866 ትምህርቱን ፈጸመ። ከዚያም ሎፎተን በሚባሉት ደሴቶች ለዓሣ አጥማጆች ጥቂት ጊዜ በሐኪምነት አገልግሎ፥ በ1868 ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ።

በዚያን ዘመን ሥጋ ደዌ የአፍሪካና የእስያ ብቻ በሽታ አልነበረም። ልጆች፥ ይህን በደንብ ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው ይህ በሽታ ፈረንጅ የማይነካ ይመስለዋልና። አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ባላት በኖርዌይ በ1850ዎቹ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሕሙማን ነበሩ፤ ይልቁንም በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ፥ ድኾች ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች በጠባብ ቤት ተፋፍገው በሚኖሩበት አገር ይበዙ ነበር። በበርገን ከተማ ብቻ ለእነርሱ የተለዩ 3 ሆስፒታሎች ቆመው ነበር። መንግሥቱም በ1856 ሕሙማኑን ሁሉ ከነስማቸው፥ ከነአገራቸውና ከነቤተ ዘመዳቸው የሚጽፍ መዝገብ አስጀመረ። ይህ መዝገብ በኋላ ለሐንሰን ትልቅ ምስክር ሆነለት።

በበርገን የነበረው የሐኪሞች አለቃ ዳንኤል ኮርኔሊየስ ዳንኤልሰን በመላው አውሮፓ የታወቀ ሊቅ ነበረ። በ1847 ከባልንጀራው ከቡክ ጋር ስለ ሥጋ ደዌ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ፥ በሽታው ከአባት ወደ ልጅ በዘር የሚወርድ ነው ብሎ አስተማረ። ተላላፊ አለመሆኑንም ለማሳየት ከሕሙማን ቁስል የተወሰደውን ነገር በገዛ ሥጋው ላይ፥ በሆስፒታሉ በሚያገለግሉት ሰዎችም ላይ ከተበ፤ አንዳቸውም አልታመሙም። ይህ ድፍረት የሚያስደንቅ ነው፤ የተገኘው ፍርድ ግን ትክክል አልነበረም። ዛሬ እንደሚታወቀው ከ100 ሰዎች 95 ያህሉ በተፈጥሮአቸው ይህን በሽታ የሚቋቋሙ ናቸው፤ ስለዚህ በጥቂት ሰዎች የተደረገው ፈተና ምንም ሊያሳይ አልቻለም።

ወጣቱ ሐንሰን ከዚህ ሊቅ ሥር ሆኖ ሥራ ጀመረ። ገና ከጅምሩ የአለቃውን ትምህርት ተጠራጠረ። ሆኖም መጠራጠሩን በአፉ ብቻ አልያዘውም፤ በበጋ ወራት በጀልባና በእግሩ እየተጓዘ ሕሙማኑን በየቤታቸው ጐበኘ። መዝገቡንም ገልጦ፥ ማን ከማን ጋር እንደ ኖረ፥ በሽታው መቼ እንደ ጀመረ፥ በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ ባዕዳን መታመም አለመታመማቸውን መረመረ። በሽታው ዘርን ብቻ ተከትሎ እንደማይሄድ፥ ነገር ግን አብሮ መኖርን እንደሚከተል፥ ሕሙማንም ወደ ሆስፒታል በገቡበት አገር አዲስ ሕመምተኛ እያነሰ እንደሚሄድ አስተዋለ።

በ1870 እና በ1871 ለትምህርት ወደ ቦንና ወደ ቪየና ሄደ። በዚያም የእንግሊዛዊውን የዳርዊንን መጽሐፍ አገኘ፤ ይህ መጽሐፍ በ1859 የወጣና ፍጥረታት በረጅም ዘመን ውስጥ እየተለዋወጡ እንደ መጡ የሚናገር ነው። በአውሮፓ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቹ ኦሪት ዘፍጥረት ስለ 6 ቀን የሚናገረውን እንደ ንባቡ፥ ሰዓቱን በሰዓት ቈጥረው ያዙ፤ ሌሎቹ ደግሞ ምድር የምትመሰክረውን ይዘው መጽሐፉን ወረወሩ። ሐንሰን በሃይማኖት ቤት ያደገ ሲሆን፥ የዳርዊን ትምህርት ልቡን ማረከው። እኔ በዚህ ነገር ከማንኛቸውም ጋር አልሮጥም። ከዳርዊን 14 መቶ ዓመት በፊት የኖረው አውግስጢኖስ እንኳ እነዚያን ቀኖች እንደ ተራ ቀን መቍጠር እንደማይገባ ጽፏል፤ የእኛም የትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ አንድም እያሉ በብዙ መንገድ ሲፈቱት ኖረዋል። ንባቡን ብቻ ይዞ መሟገት የአባቶቻችን ልማድ አልነበረም።

ሐንሰን ወደ በርገን ተመልሶ በማይክሮስኮፕ ሥራ ላይ ተጠመደ። ማይክሮስኮፕ ዓይን የማታየውን ረቂቅ ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። በ1873 የካቲት 28 ቀን ከአንድ ሕመምተኛ እብጠት የወሰደውን ሲመረምር፥ በሕዋሳቱ ውስጥ እንደ ትንንሽ በትር የሆኑ ነገሮችን አየ። በሌሎችም ሕሙማን ላይ ደጋግሞ አያቸው። የሥጋ ደዌ መነሻ የሆነው ባክቴሪያ ይህ ነበረ። የጀርመኑ ሊቅ ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ያገኘው በ1882 ነውና፥ የሐንሰን ሥራ ምን ያህል ቀዳሚ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል። በ1874 ያየውን ጽፎ አቀረበ። ሲጽፍም ከማስረጃው አልፎ አልሄደም፤ በትሮቹን አይቻለሁ አለ እንጂ ነገሩ ሁሉ ተፈጸመ ብሎ አልፎከረም።

ያው 1873 ለቤቱ የኀዘን ዓመት ሆነ። በጥር ወር የአለቃውን የዳንኤልሰንን ልጅ አግብቶ ነበር፤ በጥቅምት ወር በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። አንድ ዓመት እንኳ አልኖሩም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሚስት አግብቶ አንድ ወንድ ልጅ ወለደ። የልጅቱ አባት ዳንኤልሰን የሐንሰንን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ባይቀበልም፥ የሥራውን በር አልዘጋበትም። የራሱን ትምህርት የሚያፈርስበትን ወጣት በገዛ ሆስፒታሉ ማሠራት ለማንም ሊቅ ቀላል አይደለም፤ እንደ እኔ ከሆነ ለዳንኤልሰን ከመጽሐፉ ይልቅ ይህ የሚያስመሰግነው ነው።

በ1879 አልበርት ናይሰር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ወደ በርገን መጣ። ሐንሰን በደግነት ተቀብሎ፥ ያገኘውን አሳይቶ፥ ከሕሙማን የተወሰደ ናሙናም ሰጥቶ ሰደደው። ናይሰር ወደ አገሩ ሄዶ ባክቴሪያውን በቀለም አጥልቆ አጥርቶ አየው፤ በሚመጣውም ዓመት አገኘሁት ብሎ አሳተመ። ሐንሰንም ቀድሞ ማየቱን በልዩ ልዩ ቋንቋ ጽፎ ለመከራከር ተገደደ። በመጨረሻ ዓለም ቀዳሚነቱን ለእርሱ መሰከረለት።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ብተወው ታሪኩ ያምር ነበር፤ ነገር ግን እውነት አይሆንም። ሐንሰን ባክቴሪያውን ቢያይም ከሰውነት ውጭ ሊያበቅለው አልቻለም፤ ወደ እንስሳም ሲከትበው አልያዘለትም። ማስረጃው ስለ ጐደለበት ተጨነቀ። በ1879 ኅዳር ወር በሆስፒታሉ የነበረችን አንዲት ሕመምተኛ ሴት፥ ፈቃድዋን ሳይጠይቅ፥ ከሌላ ሕመምተኛ እብጠት በተነከረ ስለት ዓይንዋን ወጋት። ሴትዮዋ የታመመችው ስሜትን በሚያደነዝዘው የበሽታው ዓይነት ነበርና፥ እብጠት የሚያወጣው ዓይነት ይይዛት እንደ ሆነ ለማየት ፈልጎ ነው። አልያዛትም፤ ሕመሙና ድንጋጤው ግን ቀረባት። ሴትዮዋም ነገሩን ለሆስፒታሉ ቄስ ተናገረች፤ ከዚያም ዳኛ ዘንድ ደረሰ። ሐንሰን በፍርድ ቤት ሥራውን አልካደም፤ ብጠይቃት እንቢ ትለኛለች ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ ብሎ አመነ። በ1880 ግንቦት 31 ቀን ፍርድ ቤቱ ከሆስፒታሉ ሐኪምነቱ ሻረው፤ በመላው አገር የሥጋ ደዌ ጉዳይ ኀላፊ መሆኑ ግን ቀረለት።

ስለዚህ ፍርድ ብዙ አስቤአለሁ። ሐንሰን ስለ በሽታው የተናገረው እውነት ነበረ፤ ለዚያች ሴት ያደረገው ግን በደል ነበረ። እርስዋ ድኻና ሕመምተኛ፥ እርሱም የተማረና ባለሥልጣን ሲሆን፥ ዳኞቹ ለእርስዋ ፈረዱ። በዚያን ዘመን ይህን የመሰለ ፍርድ በብዙ አገር አይገኝም ነበር። ማይክሮስኮፑ ባክቴሪያውን ሲያሳየው የሴትዮዋን ፍርሃት ግን አላሳየውም፤ ያንን የሰማው ቄሱ ነበረ።

በ1888 ሐንሰን ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ሄደ። ከኖርዌይ ወደዚያ ከተሰደዱት መካከል በሥጋ ደዌ የታመሙ ነበሩና፥ ልጆቻቸው ምን እንደ ሆኑ ለማየት ፈለገ። በሽታው በዘር የሚወርድ ቢሆን፥ ዘሩ ባሕር ስለ ተሻገረ ሊቀር አይችልም። በሚኒሶታና በአጠገቧ ባሉት አገሮች ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ጠየቀ፤ ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው አንድም የታመመ አላገኘም። ሰፊ ቤት፥ የተለየ መኝታና ንጽሕና ባገኙበት አገር በሽታው ከወላጆቹ ጋር አልቆ ነበር።

ወደ ልጅቱ ጥያቄ ልመለስ። ከዚህ በኋላ ከእርስዋ ጋር ኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 13 እና 14 ለሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አነበብን። በዚያ ለምጽ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚመረመር በሰፊው ተጽፏል። ካህኑ የተጠራጠረውን ሰው 7 ቀን ዘግቶ እንደ ገና ያየዋል፤ ሥጋ ደዌ ግን በ7 ቀን አይለወጥም፤ ከገባም በኋላ ሳይታይ 5 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም 20 ዓመት ይቆያል። ንጣቱ ሰውነቱን ሁሉ ቢሸፍነው ያ ሰው ንጹሕ ነው ይላል፤ ይህም የሥጋ ደዌ ጠባይ አይደለም። የሥጋ ደዌ ዋና ምልክት የቆዳ መደንዘዝ ነው፤ እሳት ቢነካው አይሰማውም፤ ስለዚህ ነገር ግን በምዕራፉ አንዲት ቃል የለችም። ይልቁንም ለምጽ በልብስ፥ በቆዳ ዕቃና በቤት ግድግዳ ላይ ይወጣል ተብሏል። ከዚህ ስንደርስ ልጅቱ ሣቀች፤ ግድግዳ ዘር እንዳለው ጠየቀችኝ። እኔም ከእርስዋ ጋር ሣቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዕብራይስጥ የተጻፈው ቃል ብዙ ዓይነት የቆዳ ደዌንና የልብስ ሻጋታን የሚያጠቃልል ስም ነበረ። በእስክንድርያ መጽሐፉን ወደ ጽርእ የመለሱት ሰዎች ሌፕራ አሉት፤ ይህም በጽርእ የሚቀረፍና የሚያሳክክ ቆዳ ማለት ነበረ፤ ሥጋ ደዌን ግን ግሪኮች በሌላ ስም ይጠሩት ነበር። የግዕዙ መጽሐፍ ከጽርእ ሲተረጐም ለምጽ ተባለ። በኋላ ዘመን አውሮፓውያን የሌፕራን ስም ለሥጋ ደዌ ሰጡት፤ የኦሪት ቃልም ሁሉ በሕሙማኑ ላይ ተደረበ። የእኛ አማርኛ ግን ከእነርሱ ይልቅ አስተዋይ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬም ማንኛችንም ለምጽ ስንል የማያምና የማይተላለፍ፥ ቆዳን ብቻ የሚያነጣ ነገር ማለታችን ነው፤ ቁምጥና ወይም ሥጋ ደዌ ስንል ሌላውን ማለታችን ነው። ሁለት ስም በአፋችን ሳለ፥ መጽሐፉን ስንከፍት አንድ እናደርጋቸዋለን። በየደጁ በማለዳ እያዜሙ የሚለምኑት ላሊበላዎችም፥ ማዜሙን ቢተዉ ቁምጥና ይይዛቸዋል ይባላል፤ ይህም በዘር ይወርዳል ከሚለው ከዚያው ሐሳብ የወጣ ነው።

ታዲያ ግያዝ ምን ሆነ? ግያዝ በነቢዩ ስም ገንዘብ ተቀብሎ ዋሸ፤ ቅጣቱም የእርሱ ነበረ። ያ ቃል በምዕራብ ኖርዌይ ስለ ነበረ ዓሣ አጥማጅ፥ ወይም ከጎጃምና ከወሎ በእግሩ ወደ ዘነበወርቅ ስለ መጣ ገበሬ አልተነገረም። ለልጅቱ የነገርኋት ይህንኑ ነው። ወንጌሉ ደግሞ ጌታችን ለምጻሙን ሳያርቅ እጁን ዘርግቶ እንደ ዳሰሰው ይናገራል፤ ያንንም አብረን አነበብን።

የሐንሰን ሥራ ግን ክፉ ጥላም ነበረው። በሽታው ተላላፊ መሆኑ ሲታወቅ፥ የኦሪትን ሕግ እንደ ንባቡ የያዙ ሰዎች ሙሴ ሕሙማን ከሰፈር ውጭ ይኑሩ ማለቱ በሳይንስ ጸና ብለው ደስ አላቸው። በ1897 በርሊን ላይ የተሰበሰቡት የዓለም ሐኪሞችም ሕሙማንን መለየት ይገባል ብለው መከሩ። ኖርዌይ ራስዋ በ1877 እና በ1885 ባወጣችው ሕግ ሕመምተኛው በቤቱ ለብቻው መኝታ ካለው እንዲቀመጥ፥ ከሌለው ሆስፒታል እንዲገባ አዘዘች፤ በሌሎች አገሮች ግን ሰዎች ከልጆቻቸው ተነጥቀው በደሴት ላይ ተጣሉ። በሐዋይ ደሴቶች ይህ ከሐንሰንም አስቀድሞ በ1866 ተጀምሮ ነበር። እንግዲህ ንባቡን ብቻ የያዙትም፥ ሳይንስን ብቻ የያዙትም በዚህ በደል ተስማምተው ተገኙ።

ሐንሰን በ1909 በበርገን የተደረገውን ሁለተኛውን የዓለም ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መራ። በ1912 የካቲት 12 ቀን ሥራውን ለመፈጸም በሄደበት ፍሎሮ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ልቡ ደክሞ ሞተ። ዕድሜው 70 ነበር። በአገሩ በሽታው እየጠፋ ሄዶ፥ በበርገን በጥንታዊው በቅዱስ ዮርገን ሆስፒታል የነበሩት የመጨረሻዎቹ 2 ሕሙማን በ1946 ዐረፉ፤ ቤቱም ሙዚየም ሆነ።

ሐንሰን ያላገኘው መድኃኒቱን ነው። በሽታውን የሚያሸንፍ መድኃኒት የተገኘው በ1940ዎቹ ሲሆን፥ ባክቴሪያው ያን መድኃኒት እየለመደ ስላስቸገረ፥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ልዩ ልዩ መድኃኒት በአንድነት ይሰጣል፤ ዛሬ የሚሰጠውም ለ6 ወር ወይም ለ12 ወር ነው። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው በሽታውን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። በቶሎ የመጣ ሰው ጣቱም ዓይኑም ሳይጐዳ ይድናል።

በዘነበወርቅ በ1965 ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን አለርት የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆነው ከጐኑ የምርምር ቤት አቋቁመው፥ በአርማወር ሐንሰን ስም ሰየሙት። በርገን ላይ በማይክሮስኮፕ የታየው ያ በትር እስከ ዛሬ ድረስ ከሕያው ሥጋ ውጭ በጠርሙስ ውስጥ አልበቀለም፤ ሐንሰንን ያሸነፈው ነገር ከእርሱ በኋላ የመጡትንም እያሸነፈ ነው።

ልጅቱ ባለፈው የትምህርት ዓመት መጨረሻ አያቷን ይዛ ለምርመራ በሄደች ጊዜ፥ በበሩ ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል እየቈጠረች አነበበችው። ሐንሰን የሚለው ቀላት፤ አርማወር የሚለው ግን አስቸግሯት ሁለት ጊዜ ደገመችው።